ሰብኔት ማስክ ምንድን ነው? ጭምብል ግን አይደለም

ጥፋቱ የስሙ ሳይሆን አይቀርም። ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ «ሰብኔት ማስኩን ከቀየራችሁት አድራሻችሁ ይሸፈናል፤ ማንም አያገኛችሁም» ብሎ ሲመክር አየሁ። ምክሩን የተከተለ ሰው እውነትም ላይገኝ ይችላል፤ እሱም ማንንም አያገኝም።

የኔትወርክ ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ አድራሻ በእጅ ስትሞሉ ከአይፒ አድራሻው ቀጥሎ የሚጠየቀው ሰብኔት ማስክ፣ ለምሳሌ 255.255.255.0፣ አንድ ነገር ብቻ ይናገራል፤ ከአድራሻው የትኛው ክፍል ቀበሌው፣ የትኛው የቤት ቁጥሩ እንደሆነ። በ192.168.1.20 ላይ 192.168.1 ቀበሌው ነው፤ 20 የቤት ቁጥሩ። ኮምፒውተሩ መልእክት ከመላኩ በፊት ተቀባዩ የቀበሌው ሰው መሆን አለመሆኑን ያሰላል። ከሆነ በአጥር ላይ ይጣራል፤ ካልሆነ መልእክቱን ለበር ጠባቂው፣ ለጌትዌይ ይሰጣል።

በሚላከው ፓኬት (የመልእክቱ ጥቅል) ላይ የላኪና የተቀባይ አድራሻ ይጻፋል። ለማስኩ ግን ቦታ እንኳ የለውም። ከቤት የማይወጣ ጭምብል ማንን ይሸፍናል?

እርግጥ የቀበሌ ምሳሌዬ እዚህ ላይ ያነክሳል። የቀበሌ ድንበር ለሁሉም ነዋሪ አንድ ነው፤ በኔትወርክ ግን እያንዳንዱ ቤት የራሱን ካርታ፣ ማለትም የራሱን ማስክ፣ ይዞ ይኖራል፤ ካርታዎቹ ሲጣሉም የስህተት መልእክት ላይመጣ ይችላል።

አንድ መሥሪያ ቤት «ፕሪንተሩ ሞተ» ብሎ ጠራኝ። ገመዱ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ የሶኬቱ መብራት አረንጓዴ ሆኖ ይርገበገባል። የፕሪንተሩ አድራሻ 192.168.1.200፣ ማስኩ 255.255.255.128። ያቺ 128 ቀበሌውን ለሁለት ከፍላዋለች፤ ከ0 እስከ 127 አንድ፣ ከ128 እስከ 255 ሌላ። ቤት ቁጥር 20 ላይ ያለው ኮምፒውተር ማስኩ 255.255.255.0 ስለሆነ ፕሪንተሩን ጎረቤቴ ብሎ ይጣራል። ፕሪንተሩ ይሰማል፤ መልሱን ግን ወደ ሌላ ቀበሌ እንደሚሄድ ቆጥሮ በር ጠባቂውን ይፈልጋል። በር ጠባቂው ደግሞ 192.168.1.1 ላይ ነው፤ በፕሪንተሩ ካርታ እሱም ከአጥሩ ማዶ!

(አድራሻ በዲኤችሲፒ (አድራሻ በራሱ በሚያድለው አገልግሎት) የሚቀበል መሣሪያ ማስኩንም አብሮ ስለሚቀበል ባትነኩት ይሻላል። መሣሪያዎችን ለመለያየት የፈለገም ቪላን (አንዱን ኔትወርክ ወደ ተለያዩ ክፍሎች የሚከፍል ቅንብር) እና ፋየርዎል (የሚገባና የሚወጣውን የሚያጣራ ጥበቃ) ያዋቅር፤ ማስክ ማንም ገብቶ የሚቀይረው ቁጥር ነው።)

128ን በ0 ተክቼ አስቀመጥኩ። ለቀናት የተጠራቀመው ደብዳቤ ሁሉ፣ አንዱ አምስት ጊዜ የታዘዘ የፈቃድ መጠየቂያ ጭምር፣ ወረቀቱ እስኪያልቅ ተግተለተለ።