የሃይማኖት አባቶችና የደሴ ተማሪዎች

በአውስትራሊያ ትምህርት ቤቶች «ቻፕሌን» የሚባል፣ ብዙ ጊዜ የሃይማኖት አገልጋይ የሆነ ሰው አለ። ተማሪ ሲከፋው፣ ቤቱ ሲበጠበጥ፣ ወዳጅ ሲሞትበት ቁጭ ብሎ የሚያዳምጠው ነው። ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፌዴራል መንግሥቱ በጀት ይመድብለታል። ሃይማኖቱን ለተማሪ መስበክ ግን አይፈቀድለትም።

ደሴ ውስጥ በዚህ ስም የሚጠራ የለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ስለሚል፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ቄስም ሸህም አይቀጥርም። ሥራው ግን አለ። የንስሐ አባቱ፣ ኢማሙ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ መምህር፣ የመድረሳው ኡስታዝ ከግቢው አጥር ውጭ ሆነው ይሠሩታል። ደሴ ለሃይማኖት መምህር ያላት ክብር የቆየ ነው፤ መምህር አካለወልድ ትምህርት ቤት የተሰየመው በቦሩ ሜዳ ሥላሴ ባስተማሩት ሊቅ ስም ነው።

ሥራው ጎልቶ የሚታየው ለቅሶ ቤት ነው። ተማሪ አባቱ ሲሞትበት የክፍል ጓደኞቹ ብር አዋጥተው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተደባልቀው ለቅሶ ይደርሳሉ። ሸህዬ ዱዓ አድርገው ሲያበቁ ልጁን ጠጋ ብለው «አብሽር» ይሉታል። ቄሱም ሲመጡ ያንኑ «አብሽር» ይሉታል። ቃሉ ከዓረብኛ የመጣ ቢሆንም ወሎ ውስጥ የሁሉም ነው። ቀጥሎ «ትምህርትህን መቼ ትጀምራለህ?» ብለው ይጠይቁታል። ለኔ ከማጽናናቱ ሁሉ ትልቁ ይሄ ጥያቄ ነው። ልጁ ነገም ሰው እንደሚጠብቀው ያውቃል።

ይህ ነገር በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ከበደ። በ2013 ክረምት ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ደሴ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተጠለሉ። በጥቅምት 2014 ደግሞ ደሴና ኮምቦልቻ ራሳቸው ተያዙ፤ የተለቀቁት ከወር በላይ ቆይተው ነው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ያጣ፣ በር ሲንኳኳ የሚደነግጥ ልጅ ያላት እናት መጀመሪያ የምትሮጠው ወደ ጠበል ወይም ወደ ዱዓ ነበር። አልፈርድባትም። የምታምነው ሰው ያለው እዚያ ነው። ግን ሕመሙ ሲጠና ጸሎትና ዱዓ ብቻውን አይበቃም። «ጠበሉንም ተጠመቅ፣ መድኃኒትህንም ዋጥ» የሚሉ አባት ልጅ ያድናሉ። መድኃኒቱን የሚያስጥሉ ግን ይጎዳሉ።

ሌላው ክፉ ሰሞን የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚወጣበት ነው። በ2014 ተፈታኞች ዘንድ በአገር ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ባለ ጊዜ ልጁ ክፍሉን ዘግቶ ይተኛል፣ አባት ሳሎን ተቀምጦ ይበሳጫል። የንስሐ አባት ወይም ሸህ እንዲህ ያለ ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሚያነጋግሩት አባትየውን ነው። ቡና እስኪፈላ ያረጋጉታል። ልጁ የሚጠራው ከዚያ በኋላ ነው።