ፓውንድ ፎር ፓውንድ ምንድን ነው?

ባለፈው ቅዳሜ አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ማኪያቶዬን ይዤ ቁጭ ባልኩበት፣ ከጎኔ ያለው ልጅ «ክራውፎርድ እኮ ፓውንድ ፎር ፓውንድ አንደኛ ነው፤ ኡሲክንም ይዘርረዋል። ኪሎ የተሸናፊ ሰበብ ነው» አለ። ክራውፎርድ አሜሪካዊ ቦክሰኛ ነው፤ ኡሲክ ደግሞ ከእሱ በጣም የሚከብድ፣ የከባድ ሚዛን ዩክሬናዊ ቦክሰኛ። ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ። እንዲህ ሲባል ስሰማ ስንተኛዬ እንደሆነ ግን ስለጠፋኝ ልጻፈው።

ፓውንድ ፎር ፓውንድ ማለት «ኪሏቸው እኩል ቢሆን ኖሮ» ማለት ነው። ነገሩ ሁሉ ያቺ «ቢሆን ኖሮ» ላይ ነው። በተለያየ የክብደት ምድብ ስላሉ የማይገናኙ ቦክሰኞችን በችሎታ ብቻ ለማወዳደር የመጣ ግምት ነው። ክብደትን ሆን ብሎ የተወ ግምት ይዘህ፣ ክብደት ባለበት ሪንግ ማን እንደሚያሸንፍ ልትነግረኝ አትችልም።

የእኛን ባጃጅ እዩ። ጎበዝ ባለባጃጅ ገበያ መሃል በጋሪና በእግረኛ መካከል የሚሹለከለከውን መሹለክለክ፣ የጅቡቲ ተሳቢ ሹፌር አይሞክረውም። በችሎታ ካወዳደርን ባለባጃጁ ሊበልጥ ይችላል፤ ቢጋጩ ግን ማን እንደሚተርፍ አይጠየቅም። ቦክስ ደግሞ ግጭት ብቻ አይደለም፤ 12 ዙር ፊት ለፊት ሳይላተም የዞረ ትንሽ መኪና በነጥብ ያሸንፋል። ኡሲክ በታኅሣሥ 2024 (እ.ኤ.አ.) በሚዛን 25 ኪሎ ያህል የሚበልጠውን እንግሊዛዊውን ታይሰን ፉሪን ያሸነፈው እንዲህ ነው። ግን ኡሲክ ራሱ ከ100 ኪሎ በላይ ነው፤ ሚኒባስ እንጂ ባጃጅ አይደለም።

ክራውፎርድም በመስከረም 2025 ከ154 ወደ 168 ፓውንድ (ከ70 ወደ 76 ኪሎ ያህል)፣ ሁለት ምድብ ዘሎ ወጥቶ ሜክሲኳዊውን ካኔሎ አልቫሬዝን በነጥብ አሸንፏል። ኪሎ ሰበብ ብቻ ከሆነ ታዲያ ይሄ ድል ምኑ ያስደንቃል? ልጁ ጀግናውን ሲያሞግስ ጀብዱውን ሰረዘበት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ማንም ባይጠይቀኝም። ፕሮፌሽናሎች ሚዛን የሚወጡት አብዛኛውን ጊዜ ከግጥሚያው አንድ ቀን ቀድመው ነው። ውሃውን ጨርሶ የተመዘነ ልጅ በማግስቱ ጠጥቶ፣ በልቶ፣ ብዙ ኪሎ መልሶ ይመጣል፤ ባጃጅ ተብሎ ተመዝኖ ሚኒባስ ሆኖ ያድራል። በአማተር ሚዛኑ የውድድሩ ዕለት ጠዋት ስለሆነ ይሄ ብልሃት አያዋጣም። እኔ የማሰለጥናቸው ልጆች ግን ቲቪ ላይ አይተው፣ በላብ ኪሎ ለመቀነስ ላስቲክ ተጠቅልለው ይሮጣሉ፣ ያውም በአዳማ ፀሐይ! ባለፈው ወር ሁለቱን ገሥጬ መለስኳቸው።

ሙቀት ካነሳን፣ «ፓውንድ ፎር ፓውንድ» የሚለው ስያሜ አብዝቶ የሚያያዘው ከአሜሪካዊው ቦክሰኛ ከሹገር ሬይ ሮቢንሰን ጋር ነው። ሮቢንሰን በሰኔ 1952 (እ.ኤ.አ.) ኒውዮርክ ላይ ከእሱ 7 ኪሎ ከሚበልጠው ከጆይ ማክሲም ጋር ገጠመ። ሙቀቱ ዳኛውን ሳይቀር አስቀየረ። ሮቢንሰን በነጥብ እየመራ ለ14ኛው ዙር መነሳት አቃተው። ደጋፊው እስከ ዛሬ «ሙቀቱ ነው የጣለው» ይላል። ሙቀቱማ ለማክሲምም ሙቀት ነበር። እኔ የማየው በየዙሩ ሲተቃቀፉ ሮቢንሰን ትከሻ ላይ የተንጠለጠለውን 7 ኪሎ ነው።

ይሄን ለማያምን ሰልጣኝ በ7 ኪሎ የሚበልጠውን ልጅ እሰጠውና «ቡጢ የለም፣ 3 ደቂቃ ተቃቅፋችሁ ተገፋፉ» እላለሁ። ሁለተኛው ደቂቃ ሳይሞላ ትንሹ «ኮች፣ በቃኝ» ይላል።