«አገራችን በሰማይ ነው» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሐዋርያው ጳውሎስ በፊልጵስዩስ 3፥20 «አገራችን በሰማይ ነውና» ማለቱ ምእመናን ምድራዊውን ኑሮ እንዲንቁ ማዘዙ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ፊልጵስዩስ በመቄዶንያ የምትገኝ የሮም ቅኝ ከተማ ስለ ነበረች፣ የሮም ዜግነት የነበራቸው ነዋሪዎቿ ከሮም ርቀው ሳሉ በሮም ሕግ ይኖሩ ነበር፤ የሰማይ ዜጋ መሆንም እንዲሁ ባሉበት ስፍራ በክርስቶስ ሥርዓት መኖር ነው። ስለዚህ ጥቅሱ ግብር ላለመክፈል ወይም ከጎረቤት ጉዳይ ለመሸሽ ምክንያት አይሆንም (እንዲህ የሚጠቅሱት ግን አልጠፉም)። ጳውሎስ ራሱ በዚያችው ከተማ ያለ ፍርድ ተደብድቦ በታሰረ ጊዜ ሮማዊ ዜግነቱን ጠቅሶ ተከራክሯል፤ በሮሜ 13፥7ም ግብር ለሚገባው ግብር እንዲከፈል ያዝዛል። የክርስቶስ ሥርዓትና የምድራዊው መንግሥት ሥርዓት በእርግጥ ሲጋጩ ብቻ የሐዋርያት ሥራ 5፥29 እንደሚለው ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር መታዘዝ ይገባል።