«የባሰ አታምጣ» ስንል

እንጀራ እየተጋገረ መብራት ጠፋ እንበል። ሊጡ ገና ግማሽ ነው። ጋጋሪዋ የወጣውን እንጀራ በዓይኗ ትቆጥርና «ተመስገን፣ ለእራት ይበቃል። የባሰ አታምጣ!» ትላለች። ከዚያ ከሰል አቀጣጥላ ጀበናዋን ትጥዳለች፤ ቡና መብራት አይጠብቅም።

አባባሉ የሚነገረው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው፤ ስልክ ሲሰረቅ፣ ልጅ ወድቆ ክንዱ ሲሰበር፣ ዝናብ ጣሪያ ሲያፈስ። ተናጋሪው የሚያነጋግረው ፈጣሪን ነው፣ ያውም «አንተ» እያለ። ለቀረለት ያመሰግናል፣ ለሚመጣው ይለምናል። አንዳንዱ ሰው ይህን ለዕድል እጅ መስጠት ያደርገዋል። እኔ አይመስለኝም፤ ተስፋ የቆረጠ ሰው ምን ብሎ ይለምናል? «የባሰ አለና አገርህን አትልቀቅ» የሚለው ዘመዱ ግን ለሰው የሚሰጥ ምክር ነው፣ ትንሽ ማስፈራሪያም አለበት።

«የባሰ አታምጣ» ከጸሎት የወጣ ለመሆኑ አነጋገሩ ራሱ ይመሰክራል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ የሚደርሰውን የምስጋና ጸሎት ያስተዋለ ሰው ያው አካሄድ ይታየዋል። መጀመሪያ ስለ ጠበቀን፣ ስለ ረዳን፣ እስከዚህች ሰዓት ስላደረሰን ምስጋና ይቀርባል፤ ወዲያው ደግሞ ዛሬንም የቀረውንም ዘመናችንን በሰላም እንዲጠብቀን ልመና ይከተላል። ስለ ሀብትና ስለ ምርት አይደለም፤ ምስጋናው ለዚህች ሰዓት ስለ መድረስ ነው። ነቢዩ ዕንባቆምማ ከዚህም አልፎ ሄዷል። በለስ ባታፈራ፣ እርሻ መብል ባይሰጥ፣ በጎች ከበረት ቢጠፉ እንኳ በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል ብሏል (3፥17-18)። ከብት አርቢና አራሽ ለሆነ ሕዝብ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት አያሻም። ሙስሊሙ ጎረቤትም በዚያው ሰዓት «አልሐምዱሊላህ» ይላል።

አንድ ነገር ግን ልብ ይባል። አባባሉ የሚያምረው ከተጎጂው አፍ ሲወጣ ነው። ለቅሶ ቤት ገብቶ ልጇን ለቀበረች እናት «የባሰም አለ» የሚል ሰው ነውረኛ ነው፤ እዚያ የሚባለው «እግዜር ያጽናሽ» ነው። ኪራይ በእጥፍ የጨመረ አከራይም ተከራዩን «ተመስገን በል፣ የባሰ አለ» ቢለው፣ ያ ምስጋና ሳይሆን ዛቻ ነው።