የደብረ ብርሃን ማዕድ፦ ስለ ሰሜን ሸዋ ምግብ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ቅዳሜ ጠዋት የተነሣ ሰው ምሳውን እዚህ በልቶ፣ አድሮ፣ እሑድ ማታ ቤቱ ይገባል። ተወልጄ ያደግሁት በዚህ ብርድ ውስጥ ስለሆነ ከዘመድም ከወዳጅም ለሁለት ቀን የሚመጡ እንግዶችን ስቀበል ኖሬአለሁ። ብዙዎቹ ስለ ምግባችን የሰሙትን ይዘው ይመጣሉ፤ የሰሙት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ልክ አይደለም። አንዳንዱ ስሕተት መልካም ነገር ሳይቀምሱ እንዲመለሱ ያደርጋቸዋል፤ አንዳንዱም ጤናቸውን ይጎዳል።

«ደብረ ብርሃን መተላለፊያ ከተማ ናት፤ የራሷ የሆነ ምግብ የላትም»

ይህን የሚሉት ከተማዋን የሚያውቋት በአውቶቡስ መስኮት ነው። ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ለቁርስ ወርዶ እንቁላል ፍርፍሩን በዳቦ ይበላና ይሳፈራል። ያየው ምግብ በየትኛውም የመንገድ ዳር ከተማ ያለ ነው።

ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ በ2,840 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ከአዲስ አበባም ከፍ ትላለች። ዝናቡ ካባራ በኋላ ሌሊት የሚወርደው ውርጭ ጤፍን አያስተርፍም። የዚህ ደጋ እህል ገብስ፣ ባቄላ፣ ስንዴ፣ ምስርና ተልባ ነው፤ የአገሩ ማዕድም ከእነዚህ ይነሣል። ጤፉ ከዚያው ከሰሜን ሸዋ፣ ከምንጃር፣ ከመርሐቤቴና ከሞረትና ጅሩ ይመጣል። ስለዚህ እዚህ መጥቶ ነጭ የጤፍ እንጀራ በቀይ ወጥ ብቻ የሚፈልግ ሰው ደኅና ምግብ ያገኛል፤ የደጋውን ምግብ ግን አልቀመሰም።

«ገብስ የችግር ጊዜ እህል ነው፤ በሶም የተማሪ ስንቅ ነው»

ይህ አባባል ሁልጊዜ ያመኛል። በሶ የተማሪና የመንገደኛ ስንቅ መሆኑ እውነት ነው፤ የሚያጠግብ፣ የማይበላሽ፣ እሳት የማይፈልግ ምግብ ስለሆነ ነው እንጂ ሌላ ስለታጣ አይደለም።

አክስቴ ገብስ ስታዘጋጅ ማየት በቂ ነበር። ገብሱን ለቅማ ውኃ ታስነካዋለች፤ ሙቀጫ ውስጥ ገለባው እስኪለቅ ትሸከሽከዋለች፤ በሰፌድ አንፍሳ ምጣድ ላይ ታምሰዋለች። እጇ ከምጣዱ አይነሣም። ጥቂት ከዘገየች ያርራል፣ ከቸኮለች ደግሞ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። አንድ ፍሬ አንሥታ ትነክሰዋለች፤ «ቀጭ» ካለ በስሏል ማለት ነው። ከዚህ ላይ የሚበላው ቆሎ ይሆናል፤ የቀረው ተፈጭቶ በሶ ይሆናል። የበሶው ዱቄት በተነጠረ፣ ኮረሪማው በሚያውድ ቅቤ ሲታሽ ጭኮ ይወጣዋል። ጭኮ ለክብር እንግዳና ለበዓል የሚቀርብ፣ ለአራስ የሚወሰድ ምግብ ነው፤ ይህን የችግር ምግብ የሚለው ሰው ቀምሶት አያውቅም።

ገንፎው፣ ቅንጬው፣ የገብስ እንጀራውም አለ። የገብስ እንጀራ ከጤፉ ወፈር ይላል፤ ሲያድር ይደርቃል፤ ስለዚህ በዕለቱ የተጋገረውን ጠይቁ። ጠላውም ቢሆን ከገብስ ብቅልና ከጌሾ የሚጠመቅ ነው፤ በየቤቱ ጣዕሙ ይለያያልና አንዱን ቀምሶ ስለ ሁሉም መፍረድ አይገባም።

«ጥሩ ምግብ የሚገኘው ትልቁ ሆቴል ነው»

ለማደሪያ፣ ለሙቅ ሻወርና ለንጹሕ አልጋ ሆቴሉ ይሻላል፤ ብርዱም ያስገድዳል። የሆቴሉ የምግብ ዝርዝር ግን ብዙውን ጊዜ አዲስ አበባ የምታውቁት ነው፦ ፓስታ፣ ጥብስ፣ ክለብ ሳንድዊች። የገብሱንና የባቄላውን ምግብ ለማግኘት ወደ ትንንሾቹ ምግብ ቤቶች መውረድ ያስፈልጋል። ምልክቱ ቀላል ነው፤ በምሳ ሰዓት የከተማው ሰው፣ ሾፌሩና የቢሮ ሠራተኛው የሚገባበትን ቤት ተከተሉ። ገንፎ ወይም ጭኮ ካማራችሁ በዋዜማው ማታ ለባለቤቷ ንገሯት። «እማማ፣ ለነገ ጠዋት ገንፎ ይገኛል?» ብሎ በአክብሮት የጠየቀ ሰው ባዶ አፉን ሲመለስ አላየሁም።

«ረቡዕና ዓርብ፣ በተለይም በዐቢይ ጾም ከመጣችሁ የምትበሉት የለም»

እኔ እንዲያውም በጾም ኑ እላለሁ። ሥጋ ብቻ ለሚፈልግ ሰው እርግጥ ነው፣ ብዙ ቤቶች በጾም ቀን ቢላቸውን ይሰቅላሉ፤ በ55 ቀኑ የዐቢይ ጾም ደግሞ ሥጋ ቤቶች ጭምር ይዘጋሉ። የደጋው ባለሙያ እጅ የሚታወቀው ግን ያኔ ነው።

ስልጆን ውሰዱ። የሱፍ ውኃ ይጠለልና የባቄላ ዱቄት ተበጥብጦበት እሳት ላይ ይበስላል። ሲበርድ የተፈጨ ሰናፍጭ ይገባበታል፤ ከዚያም ተከድኖ ለቀናት ይብላላል። ሲቀርብ መልኩ ነጣ ያለ፣ ልስልስ ያለ ነው። መጀመሪያ ምላስ ላይ የሚሰማው ኮምጣጣነቱ ነው፤ ወዲያው ሰናፍጩ ወደ አፍንጫ ይወጣና ዓይን ያስነባል። ሰው ሁሉ በአንድ ጉርሻ አይወደውም፤ ሦስተኛው ላይ ግን ሳህኑን ወደ ራሱ ይስባል። እልበቱ፣ አዚፋው፣ የባቄላ ሽሮው፣ ተልባው በየተራ ይመጣሉ። እነዚህን በፍስክ ቀን ብትጠይቁ «ዛሬ አልተሠራም» ልትባሉ ትችላላችሁ።

«ምግቡ የዘገየው አስተናጋጁ ስለሰነፈ ነው»

ሰነፍ አስተናጋጅ የትም አለ። ይሁን እንጂ በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይደለም፤ በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ውኃው ቶሎ ይንተከተካል፣ ሙቀቱ ግን ከዚያ በላይ አይወጣም። ስለዚህ ባቄላ፣ ሽምብራና ቅልጥም አዲስ አበባ ከሚወስዱት ጊዜ በላይ ይወስዳሉ። ግፊት ድስት የሌለው ቤት ሌሊቱን ዘፍዝፎ በጠዋት ይጥዳል። ትኩስ ተሠርቶ እንዲቀርብላችሁ ከፈለጋችሁ ከመራባችሁ በፊት እዘዙ።

«የመንዝ በግ ትንሽ ነው፤ አይረባም»

ትንሽ መሆኑ እውነት ነው፤ ለብርዱና ለአጭሩ ሣር የተፈጠረ፣ ላቱ የሰባ፣ ጸጉሩ የበዛ በግ ነው። ባናውና በርኖሱ ከጸጉሩ ይሠራል። በግ በክብደቱ ብቻ የሚመዝን ሰው ጥብሱን ይቅመሰውና ይፍረድ።

«አረቄ ካለ ጥሬ ሥጋ አይጎዳም»

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ሰው የሚታመመው በዚህ ነው። የጅሩ ሰንጋ ስሙ በአገሩ ሁሉ የገነነ ነው፤ ገበሬው በእንክብካቤ አድልቦ ለበዓል ገበያ ያወጣዋል። ቁርጥ ለመብላት የሚመጣ እንግዳም ብዙ ነው። አረቄው ወይም ሚጥሚጣው በሥጋው ውስጥ ያለውን የኮሶ ትል «ይገድለዋል» የሚለው እምነት ግን መሠረት የለውም። የኮሶ ትል እንቡጥ፣ ማለትም ገና ያላደገው ትል፣ በሥጋው ጡንቻ ውስጥ በከረጢት ተሸፍኖ የተቀመጠ ነው። አረቄው ሆድ ውስጥ ከምግቡና ከሌላው ፈሳሽ ጋር ይቀጥናል፤ እንቡጡ ጋ የሚደርስበት ኃይል አይኖረውም። ሚጥሚጣም የሚያቃጥለው አፍን ነው።

እንቡጡን የሚገድለው ውስጥ ድረስ የዘለቀ እሳት ወይም ለቀናት የቆየ ጽኑ ቅዝቃዜ ነው። በቄራ የተመረመረ ሥጋ የተሻለ ነው፤ ቢሆንም መርማሪው ሥጋውን የሚቀደው በተወሰነ ቦታ ስለሆነ ጥቂት እንቡጥ ሊያመልጠው ይችላል። ጥሬ መብላት የግል ምርጫ ነው፤ የምትመርጡ ከሆነ ግን አረቄውን እንደ መድኃኒት አትቁጠሩት። ያው ሥጋ በደንብ ተጠብሶ ቢቀርብ ስቡ ጣዕሙን አያጣም።

«አረቄ ብርድ ያባርራል»

የደብረ ብርሃን አረቄ ስመ ጥር ነው፤ ለጨዋታ ጥቂት የሚቀምስን ሰው አልከለክልም። ነገር ግን አረቄ የሚያሞቀው ስሜትን ነው። አልኮል ከቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ይከፍታል፤ ደሙ ወደ ቆዳ ስለሚወጣ ፊትና እጅ ይሞቃሉ፤ የሰውነት ሙቀት ግን በዚያው ቆዳ በኩል ወደ ውጭ ያመልጣል። ሞቆኛል ብሎ ጋቢውን አውልቆ በሌሊት ወደ ማደሪያው የሚሄድ እንግዳ አይቼ ደንግጬአለሁ። ለብርዱ የሚሆነው ትኩስ አጥሚት፣ ሻይና ወፍራም ልብስ ነው።

«የገጠር ወተት ንጹሕ ስለሆነ ሳይፈላ ይጠጣል»

ላሟ ጤነኛ መስላ የሳንባ ነቀርሳ ወይም ብሩሴሎሲስ የሚባለውን በሽታ በወተቷ ልታስተላልፍ ትችላለች። አካባቢው የወተት አገር ነው፤ ጠጡ፣ ግን አስፈልታችሁ።

«ሁለት ቀን ለአንድ ከተማ ብቻ ነው የሚበቃው»

መንገዱ ሰላም መሆኑን ለአካባቢው ሰውና ለሾፌሮች ጠይቃችሁ ካረጋገጣችሁ፣ እሑድን ወደ ታች ውረዱበት። ከደብረ ብርሃን ወደ ጣርማ በር ብርዱ ይበረታል፤ በጣሊያን ጊዜ የተቦረቦረውን ዋሻ አልፎ ደብረ ሲና ሲደረስ አየሩ መለወጥ ይጀምራል፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ካፖርት አይለበስም። ጠዋት በገብስ ቅንጬ የጀመረ ሰው ከሰዓት በኋላ ማንጎና ፓፓያ ይበላል፤ በዚያ ቆላ የሚመረተውን ማሾም ያገኛል።

ስትመለሱ ደብረ ሲና ላይ ለቆሎ ቁሙ። መንገደኛው ሁሉ ለቤቱ የሚሸምተው ከዚያ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት አንድ እፍኝ ተቀብላችሁ ቅመሱ፤ ሻጮቹ አይከፋቸውም። ፍሬው ሲነከስ «ቀጭ» የሚል፣ መልኩም ሳይጠቁር እኩል የቀላ ሲሆን አስሰፍራችሁ ያዙ።