48 ሰዓቱ ከመቼ ጀምሮ ይቆጠራል?

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(3) መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ብዙዎች «በሁለት ቀን ይፈታል» ማለት ይመስላቸዋል። አይደለም፤ ዳኛው ምርመራው እስኪጣራ ታስሮ እንዲቆይ የምርመራ ቀጠሮ ሊሰጥበትም ይችላል።

ጭቅጭቁ የሚበዛው ቆጠራው ላይ ነው። ሰዓቱ የሚጀምረው ሰውየው ሲያዝ እንጂ ጣቢያ ሲመዘገብ አይደለም። መንዝ ውስጥ ከመኪና መንገድ የራቀ ቀበሌ ሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት የተያዘ፣ እስከ ረቡዕ ጠዋት 4 ሰዓት መቅረብ አለበት፤ ፍርድ ቤቱ ያለበት መሐል ሜዳ ከተማ ለመድረስ በአግባቡ የሚፈጀው የጉዞ ጊዜ ብቻ ይታከላል። «መኪና ጠፋ» ብሎ ጣቢያ ማሳደር ግን ጉዞ አይባልም። ቅዳሜና እሁድ አይቆጠሩም የሚል ቃልም አንቀጹ ውስጥ የለም።

ጊዜው ካለፈ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ፣ ማለትም የተያዘው ሰው እንዲለቀቅ የሚጠይቅ አቤቱታ፣ ለፍርድ ቤት ይቀርባል። ለዚህ ሲባል ቤተሰብ የተያዘበትን ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ወዲያው ጽፎ ይያዝ።