እንቅስቃሴን በግራፍ መግለጽ፦ ከጅማ መንገዶች በተወሰዱ ምሳሌዎች

የእንቅስቃሴ ግራፍ አንድ ነገር በየጊዜው የት እንደነበረ፣ በምን ፍጥነት እንደሄደና ፍጥነቱ እንዴት እንደተለወጠ በአንድ ወረቀት ላይ ያሳያል። ሐሳቡ የቆየ ነው። ፈረንሳዊው ኒኮል ኦሬም በ14ኛው ክፍለ ዘመን ጊዜን በአግድም፣ ፍጥነትን በቁመት እየሣለ እንቅስቃሴን አጥንቷል። ዛሬ በመግቢያ ፊዚክስ ሦስት ግራፎች በብዛት ይሠራባቸዋል፤ የቦታ፣ የቬሎሲቲ እና የአክሰለሬሽን (ቬሎሲቲ በየሰከንዱ የሚለወጥበት መጠን)። በሦስቱም ጊዜ አግድም ላይ ነው። በአማርኛ ስፒድንም ቬሎሲቲንም «ፍጥነት» ብለን ስለምናልፋቸው አንድ ነገር ከመጀመሪያው መለየት አለበት፤ ቬሎሲቲ አቅጣጫም አለው፣ ስለዚህ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል።

ተማሪን ከሁሉ በላይ የሚያስተው ግራፉን የመንገዱ ሥዕል አድርጎ ማየት ነው። አንድ ባጃጅ ከጅማው መርካቶ ተነሥቶ ጅሬን ኮረብታ ላይ ወዳለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ቢወጣ፣ ተሳፋሪዎቹ እስኪጎበኙ ቢቆምና ቢመለስ የቦታ ግራፉ ይወጣል፣ ይተኛል፣ ይወርዳል። ቅርጹ ኮረብታ ስለሚመስል ብዙዎች «ይኸው ዳገቱ» ይላሉ። ስሕተቱን ለማየት ዜሮውን ከመርካቶ አንሥቶ ቤተ መንግሥቱ ላይ ማድረግ ይበቃል። ጉዞው ያው ነው፤ ነገር ግን ባጃጁ ዳገቱን ሲወጣ መስመሩ ይወርዳል፣ ቁልቁል ሲመለስ ደግሞ ይወጣል። መስመሩ የሚናገረው ከተመረጠው መነሻ ያለውን ርቀት ብቻ ነው፤ ስለ ከፍታ ምንም አይልም። ስለዚህ ቅርጹን ከማየት በፊት ዘንጎቹ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይቀድማል።

ሁለት ነገር ከግራፍ ይነበባል፦ የመስመሩ ስሎፕ (የተዳፋቱ መጠን) እና ከመስመሩ በታች ያለው ስፋት። የቦታ ግራፍ ስሎፕ ቬሎሲቲ ነው፤ የቬሎሲቲ ግራፍ ስሎፕ አክሰለሬሽን ነው፣ ስፋቱ ደግሞ የቦታ ለውጥ፤ አቅጣጫው ካልተቀየረ ይህ የተጓዘው ርቀት ነው። ባጃጁ ከቆመበት ተነሥቶ በ8 ሰከንድ 8 ሜትር በሰከንድ ደረሰ እንበል። በዚያው ፍጥነት 30 ሰከንድ ሄደ፤ ከዚያ ፍሬን ይዞ በ4 ሰከንድ ቆመ። ስፋቶቹ 32፣ 240 እና 16 ሜትር ናቸው፤ ድምሩ 288 ሜትር። በቆመበት ጊዜ የቬሎሲቲው መስመር ዜሮ ላይ ይተኛል፤ የቦታው መስመር ግን 288 ላይ ነው የሚተኛው። ፈተና ላይ ብዙ ነጥብ የሚጠፋው እነዚህን ሁለት አግድም መስመሮች በማምታታት ነው።

ከመስመሩ በታች ያለችውን የመጨረሻዋን፣ ፍሬን የተያዘበትን ሦስት ማዕዘን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። በደረቅ አስፋልት ይኸው ባጃጅ በ2 ሰከንድ ሊቆም ቢችል ስፋቷ 8 ሜትር ይሆን ነበር። ዝናብ በማይጠፋባት ጅማ መንገዱ ሲረጥብ ጎማው የሚይዘው ይቀንሳል፣ ስሎፑ ይለዝባል፣ ሦስት ማዕዘኗ ትረዝማለች። ማቆሚያው በእጥፍ አድጎ 16 ሜትር ሆነ ማለት ነው። ለተማሪ ከዚህ የተሻለ የስፋት ትርጉም ማሳያ ማግኘት ይከብዳል።

ከግራፍ በፊት የነጥብ ሥዕል ቢሠራ መልካም ነው፤ በእኩል ጊዜ ልዩነት ነገሩ ያለበትን ቦታ በነጥብ ማስቀመጥ። ነጥቦቹ እየተራራቁ ከሄዱ እየፈጠነ ነው፣ ከተቀራረቡ እየዘገየ። ቲከር ታይመር፣ ማለትም በሚጎተት የወረቀት ጥብጣብ ላይ ነጥብ የሚመታ መሣሪያ፣ በአገራችን የ50 ኸርዝ መብራት ሲሠራ በየ0.02 ሰከንዱ አንድ ነጥብ ይመታል፤ 5 ክፍተት 0.1 ሰከንድ ነው። 5 ክፍተት ለማግኘት 6 ነጥብ ያስፈልጋል። 5 ነጥብ ቆጥሮ በ0.1 የሚያካፍል ተማሪ ፍጥነቱን ከአምስት አንድ እጅ ያሳንሳል። መጀመሪያ ላይ የተደራረቡት ነጥቦች ይዘለሉ። መብራት ከሌለ በሰከንድ 30 ምስል የሚያነሣ ስልክ ይተካዋል፤ በየሦስተኛው ምስል የነገሩ ቦታ ይወሰዳል። ስልኩ ግን ከእጅ ወርዶ አንድ ቦታ ይደገፍ፣ ሜትሩም ከሚንቀሳቀሰው ነገር ጎን፣ ከስልኩ እኩል ርቀት ላይ ይቀመጥ፤ አለዚያ ልኩ ይዛባል።

ሲሣል አንድ ካሬ 1፣ 2 ወይም 5 ይሁን፤ 3 ወይም 7 ከተወሰደ በካሬው መካከል ያለውን ማንበብ ያስቸግራል። ልኬቶቹን ነጥብ በነጥብ ማገናኘት የእጅን ስሕተት እንቅስቃሴ ያስመስላል፤ ዝንባሌያቸውን የሚከተል አንድ ለስላሳ መስመር ይሠመር። ስሎፕ የሚወሰደው ከዚያ መስመር ላይ ተራርቀው ከተመረጡ ሁለት ነጥቦች ነው እንጂ ከሠንጠረዡ አይደለም።

የቲከር ታይመሩ ወረቀት ከሚወድቅ ክብደት ጋር ታስሮ ከሆነ ከእያንዳንዱ 0.1 ሰከንድ የተገኘው አማካይ ፍጥነት በመካከሉ፣ ማለትም በ0.05፣ በ0.15፣ በ0.25 ሰከንድ ላይ ይቀመጣል። መጨረሻው ላይ ከተቀመጠ መስመሩ ወደ ቀኝ ይሸሻል፣ ስሎፑ ግን አይለወጥም። ይህ ስሎፕ የስበት አክሰለሬሽን ስለሆነ በጅማ የሚጠበቀው 9.78 ሜትር በሰከንድ ካሬ አካባቢ ነው፤ ነጥቦቹ ቀጥ ብለው ተሰልፈው ስሎፑ ሁልጊዜ ከዚህ የሚያንስ ከሆነ ወረቀቱ ታይመሩ ውስጥ እየተሻሸ ስለሆነ ማለፊያው ይፈተሽ።